ለእኔ ብለህ ስማ፦ የጦርነት ዘመን ካርቱኖችና «አያገባንም» ባዩ ሕዝብ

ባለፈው ሰሞን አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ እዚሁ ትሩጋኒና ከቤታችን ሳሎን ቡና ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ ትንሿ ልጄ ከትምህርት ቤቷ ቤተ መጻሕፍት የተዋሰችውን መጽሐፍ ይዛ ከጎኔ ቁጭ አለች። የባለ ረጅም ኮፍያው ድመት ታሪክ ነው፤ እዚህ አገር ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል። ደራሲውና ሠዓሊው ዶክተር ስዩስ በሚል የብዕር ስም የታወቀው አሜሪካዊው ቴዎዶር ጋይዝል ነው። እሷ ስታነብልኝ የእኔ ዓይን ከድመቱ ኮፍያ ላይ ቀረ። ቀይና ነጭ መስመር ያለበትን ይህን ኮፍያ ከሌላ ቦታ አውቀዋለሁ። መጽሐፉ ከመታተሙ ከ16 ዓመት በፊት፣ በ1941፣ ይኸው ሠዓሊ በአንድ የኒውዮርክ ጋዜጣ ላይ አሜሪካን የሚወክሉትን ምስሎች ያስደፋቸው የነበረው ይህንኑ የመሰለ ኮፍያ ነበር። ያን ጊዜ ግን የሚስለው ለሕፃናት አልነበረም። ዓለም በእሳት ስትነድድ «እኛን አያገባንም» ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ለተቀመጡ አዋቂዎች ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

አንድ ሥዕል እንዲህ ያለውን ሰው ከመቀመጫው እንዴት ያስነሣዋል? ጥያቄው ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሌላ ሰው ታሪክ አይደለም። «አያገባንም» የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ብዙ ዋጋ ካስከፈላቸው አገሮች መካከል ቀዳሚዋ የእኛዋ ኢትዮጵያ ናትና።

አማርኛችን በዚህ ነገር ላይ ሁለት የሚጣሉ ምሳሌዎች አሉት። አንደኛው «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ይላል። ሁለተኛው «ጓደኛህ ሲታማ ለእኔ ብለህ ስማ» ይላል። እናቶቻችን ሁለቱንም እንደ ሁኔታው ሲናገሯቸው ሰምተናል። በ1930ዎቹ ዓመታት በለንደን፣ በዋሽንግተንና በካንቤራ የነበረው ክርክር ሲጨመቅ የእነዚህ ሁለት ምሳሌዎች ክርክር ሆኖ ይገኛል። ሥራ አጥነት በየአገሩ በተንሰራፋበት፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሙታን ሐዘን ገና ባልወጣበት ጊዜ «የራሳችን እያረረ ስለ ሰው ድስት ምን አገባን» የሚለው ወገን በሙሉ ክፉ አልነበረም። ልጁን ዳግመኛ ለጦር ሜዳ አልሰጥም የሚል አባትም በመካከሉ ነበረ። ካርቱኒስቱ ማሳመን የነበረበት ይህን አባት ነው፤ ሥራውን ከባድ ያደረገውም ይኸው ነው።

ነገሩን ከራሳችን እንጀምር። በኦገስት 1935፣ ሙሶሊኒ ጦሩን በኤርትራና በሶማሊያ ሲያከማች፣ የአሜሪካ ምክር ቤት የገለልተኝነት ሕግ አወጣ። ሕጉ ለተዋጊዎቹ ወገኖች ሁሉ የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ላይ ላዩን ሲታይ ለሁለቱም እኩል የሆነ ፍርድ ይመስላል። ዳሩ ግን ኢጣሊያ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነበራት፤ ኢትዮጵያ አልነበራትም። ነዳጅ ደግሞ በሕጉ ውስጥ አልገባም። የመንግሥታት ማኅበርም ኋላ በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅን ተወው፤ የስዊዝ ካናልም ሳይዘጋ ቀረ። በዚያው በር የኢጣሊያ መርከቦች ወታደር ጭነው አለፉ፤ ከዲሴምበር 1935 ጀምሮም የመርዝ ጋዝ በአውሮፕላን በወገኖቻችን ላይ ይወርድ ጀመር።

በዚያችው በኦገስት ወር፣ ወረራው ሊጀመር ሁለት ወር እንኳ ሳይቀረው፣ የእንግሊዞቹ «ፓንች» መጽሔት አንድ ካርቱን አወጣ። እንግሊዝና ፈረንሳይ እየተቀባበሉ ለሙሶሊኒ ይዘፍናሉ። ዜማው ከ1870ዎቹ የቆየ፣ እንግሊዞች በየመጠጥ ቤቱ የሚፎክሩበት የጦርነት ዘፈን ነው። መጨረሻው ግን ተቀይሯል፦ መዋጋት ባንፈልግም አንተ ካልተውክ አብረን ደብዳቤ ጽፈን ቅር መሰኘታችንን በትሕትና ልንገልጽ እንችላለን የሚል ሆኗል። አንባቢው ይስቃል፤ ከሳቀ በኋላ ግን የሳቀው በራሱ መንግሥት መሆኑን ይረዳል። ሥዕሉ ሙሶሊኒ ጨካኝ ነው ብሎ አልደከመም፤ ያንን ሁሉም ያውቃል። የደከመው የራሱን አንባቢ ፉከራና ሥራ ጎን ለጎን አቁሞ ለማሳየት ነው። ፉከራ ምን እንደሆነ ለምናውቅ ለእኛ፣ ፉከራው አልቆ ፎካሪው ወደ ቤቱ ሲገባ ማየት ምን ያህል እንደሚያሳፍር መናገር አያስፈልግም።

በዚህ ጥበብ ከሁሉ የላቀው ዴቪድ ሎው ነው፤ እሱን ደግሞ የሜልበርን ሰዎች የእኛም ነው ቢሉ አያሳፍራቸውም። በ1891 በኒውዚላንድ ተወልዶ፣ በወጣትነቱ ወደ አውስትራሊያ ተሻግሮ «ቡለቲን» ለተባለው መጽሔት እዚሁ ሜልበርን ተቀምጦ ይሥል ነበር። ስሙን ያወጡት በአንደኛው ጦርነት ጊዜ በጠቅላይ ሚኒስትሩ በቢሊ ሂዩዝ ላይ የሠራቸው ካርቱኖች ናቸው። በ1919 ወደ ለንደን ሄደና ከጥቂት ዓመታት በኋላ «ኢቭኒንግ ስታንዳርድ» በተባለው ጋዜጣ ተቀጠረ። የጋዜጣው ባለቤት ሎርድ ቢቨርብሩክ እንግሊዝ ከአውሮፓ ጣጣ እጇን እንድትሰበስብ የሚሰብክ ሰው ነበር። ሎው ግን የፈለገውን የመሣል ነፃነቱን በውል አስጽፎ ስለነበር የባለቤቱን ፖለቲካ በባለቤቱ ጋዜጣ ላይ በየሳምንቱ ይገለብጠው ነበር።

የሎው አሠራር እንዴት ነው? ጃፓን ማንቹሪያን ከወረረች በኋላ፣ በ1933፣ አንድ ካርቱን ሣለ። የመንግሥታት ማኅበር በገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ የእግር መጥረጊያ ምንጣፍ ሆኖ ተዘርግቷል፤ የጃፓን ወታደር ረግጦት ይገባል፤ የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ደግሞ ጎንበስ ብሎ ለተረገጠው ፊት ዱቄት ይቀባል፣ ኀፍረቱ እንዳይታይ። በጁላይ 8 ቀን 1936 ያወጣው ካርቱን ደግሞ ሂትለርን አጀርባቸው በጎበጠ የዴሞክራሲ መሪዎች ላይ እንደ ደረጃ እየረገጠ ሲወጣ ያሳያል። ቀኑን ልብ ይሏል፦ ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቫ ቆመው በአማርኛ አቤቱታቸውን ካሰሙ ገና ስምንት ቀን ነው። በዚያው ሰሞንም ማኅበሩ በኢጣሊያ ላይ የነበረውን ማዕቀብ ለማንሣት ወስኖ ነበር። ሎው በአንድ ሥዕል ውስጥ ዓለም እንደ ደረጃ የተያያዘች መሆኗን አሳየ፤ አንዱ ጀርባ ሲጎብጥ ቀጣዩ ይረገጣል።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን በጁላይ 1938 በቼኮስሎቫኪያ ጉዳይ የሠራው ነው። አንድ ሰው ከገደል ሥር ተቀምጧል። ከበላዩ ትላልቅ ቋጥኞች ተደራርበዋል። የታችኛው ቋጥኝ ቼኮስሎቫኪያ ነው፤ በእሱ ላይ ሌሎች አገሮች፣ ከእነሱም በላይ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጸጥታ ተደግፈዋል። ሰውየው ግን ቼኮስሎቫኪያ ለእኔ ምኔ ናት እያለ ነው። እዚህ ላይ የጥቃት ሰለባ፣ ደም፣ የሚያለቅስ ሕፃን የለም። ሎው አንባቢውን እዘን አላለውም፤ ቀና ብለህ እይ ነው ያለው። «ጓደኛህ ሲታማ ለእኔ ብለህ ስማ» የሚለውን ምሳሌያችንን በድንጋይ ይሥሉ ቢባል ከዚህ የተሻለ አይገኝም። «የራሴ እያረረ» የሚለውን አባት የሚያሳምነው ይህ ነው፤ የሰው ድስት ያለው የእሱ ቤት በቆመበት ምሰሶ ላይ መሆኑን ያየዋልና። የናዚዎቹ ሹሞች በሎው ሥዕሎች እጅግ ስለተቆጡ የእንግሊዙ ባለሥልጣን ሎርድ ሃሊፋክስ ሎውን አግኝተው ብዕሩን እንዲያለዝብ ለምነውታል። እርሳስ የያዘ አንድ ሰው የሁለት መንግሥታት አጀንዳ ሆነ ማለት ነው።

የአውስትራሊያም ነገር እንዳይረሳ። ሎው በወጣትነቱ ይሥልበት የነበረው ያው ቢሊ ሂዩዝ በ1935 ሚኒስትር ሳለ ስለ አውስትራሊያና ስለ ጦርነት አንድ መጽሐፍ አሳተመ። የማዕቀቡ ጉዳይ ወይ ባዶ ማስፈራሪያ ነው፣ ወይ ወደ ጦርነት ይወስዳል የሚል አሳብ ስለሰነዘረ ከመንግሥቱ ፖሊሲ ጋር ተጋጭቶ ከሚኒስትርነቱ ለመልቀቅ ተገደደ። ኢትዮጵያን አይተውት የማያውቁ ሰዎች፣ ከዚህ ከምንኖርበት አገር ሆነው፣ በኢትዮጵያ ምክንያት ወንበር እስከ ማጣት ይከራከሩ ነበር። እኛ እዚህ መጤዎች ነን ስንል ስማችን ግን ከእኛ በፊት ደርሶ እንደነበር ማወቅ ደስ ያሰኛል።

ወደ ልጄ መጽሐፍ ሠዓሊ ልመለስ። ጋይዝል በ1941 «ፒኤም» ለተባለ የኒውዮርክ ጋዜጣ መሣል ሲጀምር በመጀመሪያው ካርቱን የቀለደው በሙሶሊኒ አፈ ቀላጤ፣ በጋዜጠኛው ቪርጂኒዮ ጋይዳ ላይ ነው። እስከ 1943 ድረስ ከ400 በላይ ካርቱኖች ሠራ። ዋና ዒላማው ግን በገዛ አገሩ የነበረው፣ በ1940 የተቋቋመውና «አሜሪካ ትቅደም» የተባለው ኮሚቴ፣ እንዲሁም የዚሁ ወገን ዝነኛ ተናጋሪ የነበረው አብራሪው ቻርልስ ሊንድበርግ ነው። በኤፕሪል 1941 ባወጣው ካርቱን አሜሪካውያን ተሰልፈው የሰጎን ራስ እንደ ባርኔጣ ይደፋላቸዋል፤ የሂትለርን ወሬ ከመስማት ለሚመጣ ራስ ምታት መድኃኒት ነው እየተባለ። በኦክቶበር 1941 ደግሞ አንዲት እናት ለሁለት ልጆቿ ተረት ስታነብ ሣለ። ደረቷ ላይ «አሜሪካ ትቅደም» የሚል ተጽፏል፤ የመጽሐፉ ስም «አዶልፍ ተኩላው» ነው። ተኩላው ሕፃናትን አኝኮ አጥንታቸውን እንደ ተፋ አንብባ፣ ልጆቹ ግን የባዕድ አገር ልጆች ስለሆኑ ግድ የለም ትላቸዋለች።

የዚህ ካርቱን ጉልበት እናቲቱ ክፉ አለመምሰሏ ነው። ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ በለሰለሰ ገጽ፣ ለልጆቿ ታነባለች። የምትናገረው ነገር አስደንጋጭ ሆኖ እሷ ግን አልደነገጠችም። የሚያስፈሩት ልጆቿ ናቸው፤ ዓይናቸው ፈጥጧል። ሠዓሊው ለአንባቢው ያለው አጭር ነው፦ ልጆችህ ያንተን ዝምታ እየሰሙ ያድጋሉ። እኔም ከልጄ ጎን ተቀምጬ መጽሐፍ ሲነበብልኝ ሳለ ነው ይህ ሥዕል ትዝ ያለኝ፤ ቡናዬም በረደ።

እንግዲህ እነዚህን ካርቱኖች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ግልጽ ይመስለኛል። የተሣለው የሩቁ ጠላት ሳይሆን የቅርቡ ዝምተኛ ነው። ካርቱኒስቱ የሚያሾፈው በራሱ ወገን፣ በራሱ አንባቢ ላይ ነው። አንባቢው ስቆ ሲያበቃ ሰጎኗ እሱ መሆኑን ያገኘዋል። በሰምና ወርቅ ላደግን ለእኛ ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም፤ ሰሙ ተኩላና ሰጎን ነው፣ ወርቁ አንተ ነህ።

ይሁንና ምስጋናውን ከልክ በላይ ማብዛት አይገባም። እነዚህ ሁሉ ሥዕሎች ኢትዮጵያን አላዳኗትም። እርግጥ የእንግሊዝ ሕዝብ አልተኛም ነበር። በ1935 በተደረገው የሰላም ድምፅ መስጫ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው ተሳትፎ ብዙኃኑ ወራሪን በኢኮኖሚ ማዕቀብ መቅጣትን ደግፏል። በዲሴምበር የኢትዮጵያን መሬት ለሙሶሊኒ ለመቁረስ የተዶለተው የሆርና የላቫል ስምምነት ሲወጣም ሕዝቡ ጮኾ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን ሆርን ከወንበሩ አስነሥቷል። ነገር ግን ሚኒስትር መነሣቱ ነዳጁን አላቆመም። አሜሪካም ብትሆን ጦርነት የገባችው በዲሴምበር 1941 ቦምቡ በራሷ ወደብ ላይ ሲወርድ እንጂ በሰጎን ሥዕል አይደለም። ካርቱን በር ያንኳኳል፤ በሩን የሚከፍተው ግን የቤቱ ሰው ነው።

ደግሞም በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ እኛ የት ነን ብለን ብንፈልግ የምናገኘው ትንሽ ነው። ተናጋሪዎቹ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ሙሶሊኒ ናቸው። በ1938 እንግሊዝ የኢጣሊያን ወረራ ለማጽደቅ ስትዋዋል «ፓንች» ንጉሠ ነገሥቱን አናገራቸው፤ ያለኝን ሁሉ ማለት ይቻላል ወሰደ፣ አሁን ደግሞ የቀረውን ስጠው ትሉኛላችሁ? የሚል ዓይነት ጥያቄ ያቀርባሉ። ጥሩ ካርቱን ነው። ግን ከዚያ በፊት በጄኔቫ የገዛ ድምፃቸውን የዓለም መንግሥታት ተቀምጠው ሰምተውታል፤ የኢጣሊያ ጋዜጠኞችም በፉጨት ሊያቋርጡት ሞክረዋል። ሌላው የሚሥልልህ ሥዕል ቢረዳህም የራስህን አንደበት አይተካም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። እናቶቻችን ለተባይ የሚነፉትን መድኃኒት ፍሊት ይሉታል፤ እኛም ይህንኑ ቃል ይዘን አድገናል። ፍሊት የአንድ ኩባንያ ምርት ስም ነበር፤ በአሜሪካ ጋዜጦች ከ1928 ጀምሮ ለዓመታት ማስታወቂያውን ይሥል የነበረው ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሆን ያው ጋይዝል ነው። በወረራው ዘመን ኤንሪኮ ዴ ሴታ የተባለ ኢጣሊያዊ ካርቱኒስት ወደ አገራችን ለዘመቱት ወታደሮች የቀልድ ፖስትካርዶች ሠርቶ ነበር። በአንደኛው ላይ የኢጣሊያ ወታደር የፍሊት መርጫ ይዞ በእግሩ ሥር ባሉ ትናንሽ ኢትዮጵያውያን ላይ ይነፋል። መርዙ በእውነት በሚወርድበት ጊዜ፣ ወታደሩ ለእናቱ የሚልከው ፖስትካርድ እንዲህ ያለ ነበር። ይህም ሥዕል ሰውን ያሳምናል፤ የሚያሳምነው ግን የሚሞተው ሰው እንዳልሆነ ነው።

ጋይዝል ራሱ በጁን 1942 ይህንኑ መርጫ ሣለው። አጎት ሳም በሰዎች ጆሮ ፍሊት ይነፋል፤ በሌላው ጆሮ የዘር ጥላቻ የተባለች ትል በርራ ትወጣለች። መሣሪያው አንድ ነው፤ አንዱ በሰው ላይ ነፋው፣ ሌላው በሰው ውስጥ ባለው ጥላቻ ላይ። ይህን አይቼ ጋይዝልን ላመሰግን ስል ግን ከዚያ አራት ወር በፊት የሠራው ሥዕል ይመጣብኛል። በፌብሩዋሪ 13 ቀን 1942 በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ የሚኖሩትን የጃፓን ተወላጆች አንድ ዓይነት ፊት ሰጥቶ፣ በሺህ አሰልፎ፣ ፈንጂ ሲቀበሉ ሣላቸው። ከስድስት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ፈረሙ፤ ወደ 120 ሺህ የሚሆኑ ሰዎችም ከቤታቸው ተነቅለው በየካምፑ ታጎሩ። እንደ እኛ መጤዎችና የመጤ ልጆች ነበሩ። ትእዛዙን ሥዕሉ አመጣው አልልም። ሆኖም ስለ ባዕድ ልጆች የተሟገተ እጅ የጎረቤቱን ልጅ ፊት ነሣው። በ1954 ስለ ዝሆኑ ሆርተን የጻፈውን መጽሐፍ ለአንድ ጃፓናዊ ወዳጁ መታሰቢያ ማድረጉን ብዙዎች እንደ ንስሐ ይቆጥሩታል።

የአገራችን ሠዓሊዎች በቤተ ክርስቲያን ግድግዳም ሆነ በዐድዋ ሥዕሎች የቆየ ልማድ አላቸው። ወገንን በሁለት ዓይኑ፣ ጠላትን በጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ ይሥሉታል። ጠላት አንድ ዓይን ይጎድለዋል፤ ነገር ግን ፊት አለው፣ ሰው ነው። ለእኔ መለኪያው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2020 እስከ 2022 በአገራችን ሰሜን ጦርነት ሲካሄድ፣ ከ2023 ወዲህም በአማራ ክልል ተኩሱ ሳይበርድ፣ በየስልካችን የተላላክናቸውን ሥዕሎች እያንዳንዳችን እናስታውሳለን። ከየወገኑ ነው የምለው። ጅብ የሆነ ሕዝብ፣ እባብ የሆነ ሕዝብ፣ ተባይ የሆነ ሕዝብ አይተናል። አንዳንዱን እኔም አስተላልፌአለሁ፤ ስቄ ነበር። ዓለም ለምን ዝም አለ ብለን በሜልበርን አደባባዮች ስንጮህ፣ በኪሳችን ያለው ሥዕል ደግሞ ለጎረቤታችን ሞት ዝም እንድንል ያስተምረን ነበር። ጎረቤታችን ሱዳን ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ስትነድድስ ስንቶቻችን «የራሳችን እያረረ» ብለን አለፍን? ልጆቻቸው ከልጆቻችን ጋር በአንድ ክፍል ይማራሉ።

ስለዚህ ካርቱን ሲደርሰን፣ ከመሳቃችን በፊት ባይሆን እንኳ ከማስተላለፋችን በፊት፣ ሁለት ነገር እንጠይቅ። የሚሣቅበት ማን ነው? እኔ ከሆንኩ ምናልባት የሎው ልጅ ነው፤ ይጠቅመኛል። ሌላው ሕዝብ ከሆነ ደግሞ፣ ፊት አለው ወይ? ከሌለው የፍሊቱ ፖስትካርድ ዘር ነው፤ እኔ ጋ ይቁም።

ልጄ መጽሐፏን ጨርሳ በሚቀጥለው ሳምንት የዝሆኑን እንደምታመጣ ነግራኛለች። መታሰቢያነቱ ለማን እንደሆነ፣ ለምንስ እንደሆነ ትንሽ ከፍ ስትል እነግራታለሁ። ከወረራው ዘመን የቀሩ ፖስትካርዶች ወይም የቆዩ የጋዜጣ ካርቱኖች በእጃቸው ያሉ፣ ወይም ከአባቶቻቸው የሰሙት ያላቸው አንባቢዎች ለዚህ ገጽ ቢጽፉልን ደግሞ ውለታቸው ትልቅ ነው።